እነዚያን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ምን በላቸው?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ተነገረ። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ክትባቱ ተጀመረ። በኅዳር 2014 ደግሞ በዘመቻ መልክ ወደ መላ አገሪቱ ወጣ። ስለ ቫይረሱም ስለ ክትባቱም ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከክትባቱ ጠረጴዛ ጎን የነበረ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ትንሽ የመድኃኒት ሣጥንና በረድፍ የተደረደሩ ወንበሮች።

ወንበሮቹን ሁላችንም እናስታውሳቸዋለን። ተወግተን ስንነሳ «15 ደቂቃ እዚያ ተቀመጡ» እንባል ነበር። ከዚያ በፊት መድኃኒት ያልተስማማው ሰው 30 ደቂቃ ይቆያል። የቸኮለው ያጉረመርማል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል፣ አንዳንዱም ነርሷ ዞር ስትል ሹልክ ይላል። ለምን እንደምንቀመጥ በቅጡ ያስረዳን ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ይህ ነበር፤ ከሚሊዮን ተከታቢ መካከል በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ሰውነታቸው ክትባቱን አልቀበል ብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል በሚችል ኃይል ይቆጣል። ያ ቢደርስ ሰውየው ታክሲ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ሳይሆን፣ ምልክቱን ከሚያውቅና መድኃኒቱ በእጁ ካለ ባለሙያ ፊት እንዲገኝ ነው ወንበሩ የተዘረጋው። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው መድኃኒት አድሬናሊን ይባላል።

እስቲ አስቡት። አድሬናሊኑ፣ የሠለጠነው እጅና የሚጠብቀው ዓይን፣ ሦስቱም ባንድ ላይ ከሆስፒታል ደጃፍ ወጥተው እስከ ቀበሌ፣ እስከ ትምህርት ቤት ግቢ፣ እስከ ገበያ ዳር ወርደው ነበር። ክትባት ሰጪዎቹ ምልክቱን እንዴት እንደሚለዩ፣ ስንት እንደሚወጉ፣ የት እንደሚወጉ ተነግሯቸዋል። ወጪው ወጥቷል፤ ሰዉ ተሰብስቧል፤ መንገዱ ተጠርጓል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘመቻው ሲያልቅ ይህን አብሮ አለመበተን። ወይ ነዶ! በተንን።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሐኪሞች አናፊላክሲስ ይሉታል። የንብ መርዝም ይሁን የፔኒሲሊን መርፌ፣ ለውዝም ይሁን ዓሣ፣ ሰውነት ያንን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ በአንድ ጊዜ ሲነሳበት የሚመጣ አደጋ ነው። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሹ ከሥር ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ ግፊት ያሽቆለቁላል። ጉሮሮ ያብጣል፤ የሳንባ ቱቦዎች ይጠባሉ። ከውጭ የሚታየው ሽፍታና ማሳከክ፣ የከንፈርና የምላስ እብጠት፣ የድምፅ መጎርነን፣ ሲተነፍሱ ማፏጨት፣ ማስመለስ፣ ከዚያም ራስን መሳት ነው። ሽፍታው ጨርሶ ላይታይም ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው። አድሬናሊን ይህን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የደም ሥሩን ያጠባል፣ የሳንባውን ቱቦ ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል። ሌላ አንድም መድኃኒት እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት አይሠራም።

ፈረንሳዊው ሻርል ሪሼ ይህን የሰውነት ቁጣ በማጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1913 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ አድሬናሊንን አንጥሮ ያወጣው ደግሞ ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በሽታውም መድኃኒቱም ከታወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አድሬናሊን የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ አምፑሉም ከርካሾቹ መድኃኒቶች ይመደባል። አሰጣጡ ከባድ አይደለም። አንዱ ሚሊ ሊትር አምፑል አንድ ሚሊ ግራም ይይዛል። ለአዋቂ ግማሹ ይበቃል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 0.3 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በታች ላለው 0.15። የሚወጋው ጭን ላይ ነው፤ ከውጭ በኩል፣ መሃል ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ታማሚው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይላል፤ ትንፋሽ ካጠረው ቁጭ ይበል፤ ግን ተነስቶ እንዲቆም፣ እንዲራመድ አይደረግም። በድንገት በመቆማቸው ብቻ የሞቱ ሰዎች በጥናት ተመዝግበዋል። እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምናደርገው ደግፎ ማቆም ነው፤ «አይዞህ፣ ትንሽ ንፋስ ያግኝህ» ብለን ወደ በር እናራምደዋለን።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ፐምፍሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት በዚህ ሕመም የሞቱ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ ነበር። ልብ ወይም ትንፋሽ እስኪቆም የነበረው ጊዜ፣ መካከለኛውን ስንወስድ፣ በምግብ ለመጣው 30 ደቂቃ፣ በንብና በተርብ ንድፊያ 15 ደቂቃ፣ በሕክምና ቦታ በተሰጠ መድኃኒት ግን 5 ደቂቃ ብቻ ሆኖ አገኘው።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ወደ ዱከም ኑ። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። በአሮጌው አስፋልት የጅቡቲ ጭነት የያዘው ተሳቢ፣ አይሱዙው፣ ባጃጁና የሠራተኛ ሰርቪሱ ተደራርበው ይሄዳሉ። የፋብሪካ ሰው በሚወጣበት ሰዓት ወይም ለቁርጥ የመጣው የአዲስ አበባ መኪና መንገዱን ዳር እስከ ዳር በያዘበት ቅዳሜ፣ ይህን 10 ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ የሚጨርስ አምቡላንስ የለም። በ15 ደቂቃ ቢጨርስም ዕድለኛ ነው። አምቡላንሱ እስኪጠራ፣ ተነስቶ እስኪመጣ፣ ታማሚውን ጭኖ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ገና አልቆጠርኩም። ስለዚህ ዱከም ላይ ይህ አደጋ የደረሰበት ሰው የሚድነው ወይም የሚሞተው እዚያው ዱከም ነው። ቢሾፍቱ ሆስፒታል ወይም አዳማ የሚደርሰው የዳነው ነው፤ ወይም ሬሳው።

አደጋው ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከሁሉ በፊት ከመርፌ ነው። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሕዝብ ነን። ጉንፋን ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ክኒን ብቻ ይዞ ሲወጣ ቅር ይለዋል። ሴፍትሪያክሶንና ፔኒሲሊን በየክሊኒኩ በየቀኑ ይወጋሉ፤ ሁለቱም ይህን ቁጣ በማስነሳት የታወቁ ናቸው። አንባቢ አይሳሳትብኝ፤ ብዙ ሕይወት የሚያተርፉ መድኃኒቶች ናቸው፣ ቁጣውም የሚነሳው በጥቂት ሰው ላይ ነው። ያንን ጥቂት ሰው ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ መርፌ የሚወጋ ሁሉ አድሬናሊኑን በክንድ ርቀት ማስቀመጥ አለበት። ከመርፌ ቀጥሎ ንብ አለ። አገራችን ማር በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ንባችንም ቁጡ ናት። በመስከረም አደይ ሲፈካ በዱከም ዙሪያ ያለው የአድአ ገበሬ ከቀፎውና ከማሳው መካከል ነው የሚውለው። ከዚያ ደግሞ ምግቡ አለ።

በዚህ ላይ ዱከም የፋብሪካ ከተማ ናት። ቻይናውያን ያቋቋሙት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን እዚህ ነው፤ የሁዋጂየን ጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይውላሉ። አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ በቀጥታ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ምን እንደማይስማማቸው የሚያውቁት ገና ሲደርስባቸው ነው። ሥልጠና ለመስጠት ከዚህ የተመቸ ቦታ ከየት ይገኛል? ሰዉ ተሰብስቧል፣ ሰዓቱ በደወል የተለካ ነው፣ በየፈረቃው አለቃ አለ። የክትባቱ ዘመቻ ጊዜ ለእያንዳንዱ ፈረቃ ሁለት ሁለት ሰው አሠልጥነን፣ አንድ ሣጥን ትተን ብንሄድ ኖሮ፣ እነዚያ ልጆች ዛሬ ሌላ ልጅ እያሠለጠኑ ነበር። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ሲባል ዛሬም ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጥጥ፣ ፋሻ፣ አልኮልና ፕላስተር ነው። ጣቱን ለተቆረጠ ሰው ተዘጋጅተናል፤ ጉሮሮው ለተዘጋበት ግን ባዶ እጃችንን ነን።

ከሁሉ ይልቅ ሆዴን የሚያባባው የፔኒሲሊኑ ነገር ነው። በቶንሲል የሚጀምር፣ ቀስ ብሎ የልብን በሮች የሚያበላሽ በሽታ በልጆቻችን ላይ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁ ልጆችን ታሪክ ያልሰማ የለም። በሽታው እንዳይብስ የሚከለክለው መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት፣ ይወጋል። እናት ልጇን ይዛ ሰፈሯ ወዳለው ክሊኒክ ትሄዳለች። ነርሷ መርፌውን ለመውጋት ትፈራለች፤ «ሆስፒታል ውሰጂው» ትላታለች። በነርሷ አልፈርድም። ልጁ እጇ ላይ ቢወድቅ የምታነሳበት መድኃኒት አጠገቧ ከሌለ፣ ስለ አድሬናሊን የሰማችው ከዓመታት በፊት ኮሌጅ ሳለች ብቻ ከሆነ፣ መፍራቷ ልክ ነው። እናት ግን ሆስፒታል ለመሄድ የመኪና ብር ያስፈልጋታል፤ ከሥራ መቅረት አለባት። አንዱን ወር ትዘላለች፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ልጁ በፔኒሲሊን ሳይሆን በፔኒሲሊን ፍርሃት ልቡ ይደክማል። ያንን ፍርሃት ልናጠፋው እንችል ነበር። በየክትባት ጣቢያው የሰጠነው ሥልጠና፣ ያስቀመጥነው ሣጥን፣ ልክ ለዚህች ነርስ የሚያስፈልጋት ነበር። የዘመቻው ሥልጠና ለእሷ የዘላለም ስንቅ መሆን ሲችል የአንድ ሰሞን ሥራ ሆኖ ቀረ።

እንዴት እንደባከነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዘመቻው አበቃ፣ ወንበሩ ተሰበሰበ፣ አበሉ ተዘጋ። አድሬናሊን ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ከብርሃንና ከኃይለኛ ሙቀት ይጠበቅ እንጂ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በ2013 እና በ2014 ለየጣቢያው የታደለው አምፑል የትም ይኑር ቀኑ አልፎበታል። ዕውቀቱም እንዲሁ ነው፤ ያልተደጋገመ ሥልጠና በወራት ይረሳል። በየስድስት ወሩ የአንድ ሰዓት ልምምድ ይበቃው ነበር፤ የተተካ አምፑልና የአንድ ሰዓት ልምምድ። ይህን ያህል ነው ያጣነው፤ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ነው የሚያቃጥለው።

ዛሬ በብዙ ክሊኒክ ሰው ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚነሳው ሃይድሮኮርቲሶን ወይም ዴክሳ ነው። ሁለቱም ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋሉ። ታማሚው ግን የቀረው ደቂቃ ነው። የማሳከክ መድኃኒቱም ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፤ የወረደ ግፊት አያነሳም። አድሬናሊኑ «ቢብስበት» ተብሎ ወደ ኋላ ይቆያል። ሲብስበት ደግሞ አልፏል።

«መርፌው ውድ ነው፣ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይህ አስተሳሰብ የመጣው በፊልም ከምናየው፣ በልብስ ላይ ጠቅ ከሚደረገው ኤፒፔን ከሚባለው ብዕር መሰል መርፌ ነው። ልክ ነው፣ እሱ ውድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሁለት ብዕሮች ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ600 ዶላር በላይ ደርሶ ምክር ቤት ድረስ አነጋግሯል። ግን እዚያው አሜሪካ ምን እንደተደረገ ስሙ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ሲያትልን የያዘው ኪንግ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን ውድ ብዕር ከአምቡላንሶቹ አውጥቶ በተራ የአድሬናሊን ጠርሙስና በተራ ሲሪንጅ ተካው። ሐኪም ያልሆኑ የአምቡላንስ ሠራተኞቹን አስተማረ፤ ምልክቱን እንዲያረጋግጡ፣ መጠኑን እንዲቀዱ፣ እንዲወጉ። ኒው ዮርክም ተከተለው። የበለጸገው አገር ብር አስጨንቆት ዞሮ ዞሮ የደረሰበት መፍትሔ ይህ ነው፤ ጠርሙስ፣ ሲሪንጅና የሠለጠነ ሰው። እኛ በ2013 ዓ.ም. ያንኑ በእጃችን ይዘን ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ በአፍንጫ የሚነፋ አድሬናሊን አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። መልካም ነው፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ግን ሰው መሞቱን አያቆምም።

አምቡላንስ አልጎደለንም ማለት አልችልም፤ የጎደለው ግን መኪናው ብቻ አይደለም። መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያከፋፍል ዋናው ዓላማ ወላድን ማድረስ ነበር፤ ብዙ እናት አትርፏል፣ ክብር ይገባዋል። ከኋላ ግን ብዙ ጊዜ አልጋ እንጂ ባለሙያ የለም፤ ሾፌሩ ብቻውን ይመጣል። ክብረት አበበ የተባለው የጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ ቤቱን ሸጦ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጠብታ አምቡላንስን ሲያቋቁም የነገረን ይህንኑ ነበር፤ ከመኪናው ይልቅ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ነው ሕይወት የሚያተርፈው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ቆይቷል። ከላይ ያለው ዕውቀት አለን ማለት ነው። ወደ ታች የሚያወርደው መሰላል በክትባቱ ዘመን ቆሞ ነበር፤ እኛው አነሳነው።

«ታዲያ መርፌ ለማንም ይሰጣል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አድሬናሊን ደም ሥር ውስጥ በስህተት ከተወጋ ወይም መጠኑ ከበዛ ይጎዳል። ሥልጠና የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ግን ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ጠይቀን መልሱን አግኝተናል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር «የአንድ ዓመት ሥልጠና ያላት የገጠር ልጅ ምን ታውቃለች?» የተባለ አልነበረም? እነዚያው ልጆች ሕፃናት ከተቡ፣ የወሊድ መከላከያ መርፌ ወጉ፤ ከ2001 ጀምሮ ክንድ ውስጥ የሚቀበር ኢምፕላኖን ማስገባት ተማሩ። ቆዳ ሥር ዘንግ የቀበረች እጅ ጭን ላይ ግማሽ ሚሊ ሊትር መውጋት አያቅታትም። ሾፌሩና የፈረቃ አለቃው መርፌ ባይወጉ እንኳ ምልክቱን ሊለዩ፣ ሰውየውን ሊያጋድሙ፣ እግሩን ሊያነሱ፣ አድሬናሊን ያለበትን በር ሊያውቁ ይችላሉ። የሕመሙ ግማሽ ፈውስ ቶሎ ማወቅ ነው።

ቁጭቴ ከዚህ በላይ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። በኮሮና ዘመን በየቤቱ ለቅሶ ነበር፤ ሥራ ቆሟል፣ ኑሮ ተናግቷል። ከዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ያተረፍነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ በሆነ ነበር። መከራውን ከፍለንበት ትርፉን ሜዳ ላይ ጥለነው መጣን።

እናንተ ዱከም ላይ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ላይ ክሊኒክ ያላችሁ፣ መርፌ የምትወጉ ሁሉ፤ ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ መሳቢያውን ክፈቱ። አድሬናሊን ከሌለ ግዙ፤ ካለ ቀኑን እዩ፤ መጠኑን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የወጋችሁትን ሰው ቶሎ አትሸኙ። የፋብሪካ አስተዳዳሪዎች፣ ለየፈረቃው የሠለጠነ ሰው መድቡ። ጤና ቢሮ፣ በክትባቱ ጊዜ የሠለጠኑት ልጆች ስም ዝርዝር በእጃችሁ ነው፤ ጥሯቸው። እናንተም ታካሚዎች፣ መርፌ ለመወጋት እጅጌያችሁን ከመሰብሰባችሁ በፊት «አድሬናሊን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካሏችሁ፣ ወዳለበት ሂዱ።